የሌንጮ ዓይን

«ከጠየቁሽ ከሮማ የመጣ ነው በይ። ፎቶግራፉን ልከንለት አንድ ጣልያን ሠርቶ በፖስታ ሰደደልን። ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ!»

ይህን ያለችው ልጄ ናት። ጠላቴ ብትሆን ኖሮ ምራቄን ጢቅ አድርጌ ባለፍኩ። ተስፋነሽ ናት፤ አባቷን ጣልያን ሲገድልብኝ የሁለት ዓመት ሕፃን የነበረች፣ እኔ የእግር መጋዝ እየረገጥኩ ያሳደግኳት። የቆምኩት ጎሬ፣ ከቤቷ ጀርባ፣ ከጓዳው መስኮት ሥር ነው። በዋናው በር ያልገባሁት ለእንግዶቹ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ስላየሁ፣ ጫማዬ ደግሞ የመቱን ጭቃ ይዞ ስለ መጣ፣ ላላበላሽባት ብዬ ነው። ለቄጠማዋ ስሳሳ ይህን ሰማሁ። «እማማ ሲመጡስ?» አለች የልጅ ልጄ ወርቅውሃ። «ይመጣሉ፣ ዓይኑን ያስገባሉ፣ ከዚያ እዚህ ጓዳ አረፍ ይላሉ። ከጠየቁን መቱ ናቸው፣ ትንሽ አሟቸዋል እንላለን።» ወርቅውሃ አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። የእንጨቱን ውሻ፣ የሌንጮን ጆሮዎች ባለፈው ወር ከጎኔ ቁማ የቆረጠቻቸው እሷ ናት፤ አውራ ጣቷ ላይ የመጋዙ ጠባሳ አለ። «እሺ» አለች።

ሥራዬን የሚጠራጠር ሰው ለእኔ አዲስ አይደለም። ቡሬ ለሚኖር አንድ ነጋዴ የበቅሎውን መልክ ሠርቼ ብወስድለት፣ እንጨቱን አገላብጦ አየና «የባልሽ እጅ ይባረክ» አለኝ። ባሌ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል ብዬ ብነግረው ትንሽ አሰበና «እንግዲያ ሳይሞት ሠርቶት ነበራ» አለ። በቅሎዋ ገና የአምስት ዓመት በቅሎ ነበረች። ሙት ሠራው ብሎ ማመን ሴት ሠራችው ብሎ ከማመን ቀለለው። እንዲህ ያለውን ሰው እስቅበታለሁ እንጂ አልቀየመውም። እሱ ባዳ ነው። ልጄ ግን እንጨቱ ሲሰነጠቅ፣ ብናኙ ሲቦን፣ እግሬ ሲያብጥ ከአጠገቤ ተቀምጣ ያየች ናት። ጥርስ ስታወጣ ያኘከችው የዋንዛ ቁራጭ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ።

መጋዙን ያስተማረኝ ሙሴ አርሻክ የሚባል አርመን ነው፤ እዚሁ ጎሬ የሬሳ ሣጥንና የቤት ዕቃ ይሠራ ነበር፣ እኔ ልብሱን አጥብለት ነበር። የመንዝ ሰው ልጅ ነኝ፤ ዘውደነሽ አጥንትሽን ቁጠሪ ብባል እስከ ሰባት ቤት ሳልንተባተብ እቆጥራለሁ። ነገር ግን ባሏን ቀብራ ሕፃን ታቅፋ ሰው አገር የቀረች ሴት አጥንት ቆጥራ አታድርም። መጋዙ እንደ ስፌት መኪና ከሥሩ መርገጫ አለው፤ ምላጩ እንደ ጅማት የቀጠነ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል ይወርዳል። እንጨቱን ነው የምታዞሪው፤ መጋዙ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ቀለም የሚባል ነገር አንነካም፤ ቀዩም ነጩም ጥቁሩም የእንጨቱ የራሱ ነው። አንዱን ቁራጭ ካንዱ እንደ ጥርስ ታገጥሚና ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለዝበሽ፣ ኮምፔንሳቶ በሚሉት ስስ ጣውላ ላይ በኮላ ታጣብቂዋለሽ። ሙሴ አርሻክ አበባና ወፍ ይሠራ ነበር። እኔ ሰው በቅሎውንና ውሻውን ምን ያህል እንደሚወድ አውቃለሁና ወደዚያ አደላሁ። አገር ለቆ ሲሄድ መጋዙን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። የተስፋነሽ የተማሪ ቤት ደብተር፣ የሠርጓ ቀሚስ፣ ዛሬ እንግዳ የምታስቀምጥበት ወንበር ሳይቀር ከዚያ መርገጫ የወጣ ነው።

ፎቶግራፍ አይቼ አልሠራም። እንስሳውን በእጄ እዳብሳለሁ፤ ፀጉሩ በየት በኩል እንደሚተኛ ጣቴ ካላወቀ የእንጨቱን መስመር በየት በኩል ላስተኛው? ደግሞ ዓይኑን የማስገባው መጨረሻ ነው፤ ያውም ባለቤቱና እንስሳው ፊት ለፊት እያሉ። ዓይኑ ቦታው ሲገባ ባለቤቱ ፊት ላይ የሚመጣውን ነገር እኔ ነኝ የማየው፤ እሱን ለማንም አላካፍልም። ይህን ልማዴን ልጄ ታውቃለች።

ከሦስት ወር በፊት ተስፋነሽ መቱ ድረስ መጣችልኝ። ሁሩሙ ያሉት ግራዝማች አብደታ ወርቅውሃን ለልጃቸው ጠይቀው እሺ ተብለዋል። ግራዝማች በቡናና በማር የከበሩ ሰው ናቸው፤ ከሰው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን ሌንጮ የሚባለውን ውሻቸውን ነው፤ ጫካ ውስጥ ነብር ሲዘልባቸው በመካከል ገብቶ ያዳናቸው እሱ ነው አሉ። «እማዬ፣ ሌንጮን ይሥሩልኝ። ቀን ሊቆርጡ ሲመጡ እንሰጣቸዋለን» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ተስፋነሽ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ካገባች ወዲህ መጋዜን በአፏ ጠርታው አታውቅም፤ ለሰው «እናቴ መቱ ቤት አላቸው» ትላለች፣ በቤቱ ውስጥ ምን እንደምሠራ ግን አትናገርም። ዛሬ አማቾቿ ፊት ልታቆመኝ ነው ብዬ አሰብኩ። አንድ ፎቶግራፍ ሰጠችኝ፤ ሣጥን ውስጥ ወረወርኩትና ሦስት የገበያ ቀን ሁሩሙ ወረድኩ። ከግራዝማች መጋዘን ደጃፍ ተቀምጬ አጥንት እየሰጠሁ ሌንጮን ዳበስኩት፤ ግንባሩን፣ የአንገቱን እጥፋት፣ ግራ ጉንጩ ላይ ነብሩ የተወለትን ጭረት። በሦስተኛው ቀን ግራዝማች ከመጋዘናቸው ወጥተው አዩኝና «እንኪ ሃርሜ» ብለው አሥር ሳንቲም ጣሉልኝ። ሃርሜ እናት ማለት ነው። ለማኝ መስዬአቸው ነው። ለልጄ ስል ሳንቲሟን አንስቼ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ሌንጮ ቀይ ነው፤ ስለዚህ ገላውን ከጥቁር እንጨት አወጣሁት። ስሙን ጥቁር ያሉት ልጡን አይተው ነው፤ ውስጡ ቀይ ነው፣ በቬርኒሽ ሲነካ የውሻ ጀርባ ይመስላል። ደረቱ ነጭ ነው፤ ለእሱ አርጅቶ የተቆረጠ የቡና ግንድ አገኘሁ፤ ነጭና ጠንካራ ነው፣ ግን ቀጭን ስለሆነ ከአሥራ ዘጠኝ ስንጥር አንድ ደረት ሠራሁ። ዓይኑ እስከ ውስጡ ከሚጠቁረው እንጨት፣ ከዞጲ ነው፤ ሙሴ አርሻክ ትቶት ከሄደው የከዘራ እጀታ ስባሪ ያወጣሁት ነው፣ ከባቄላ አይበልጥም። ሥዕሉን ከሳምንት በፊት ቡና በሚያመላልስ ካሚዮን ላክሁላት። ዓይኑን ግን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ዛሬ ራሴ ይዤው መጣሁ። ሾፌሩ ጋቢና አስቀምጦኝ «እትዬ፣ ምን ቋጥረው ነው እንዲህ ጨብጠው የያዙት?» ቢለኝ «የውሻ ዓይን» አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ ጎሬ እስክንደርስ አላናገረኝም።

እንግዲህ ከመስኮቱ ሥር ጥቂት ቆሜ በጓዳው በር ገባሁ። ተስፋነሽ ዘላ ጉልበቴን ሳመች፤ አዲስ ሐር ቀሚስ ለብሳለች፣ ፊቷ ወዝቷል። «እማዬ፣ እንኳን ደህና መጡ። ዓይኑን ቶሎ ያስገቡልኝና እዚህ ይረፉ፤ መንገዱ አድክሞዎታል።» ግራዝማች ሳይመጡ? አልኳት። «ዛሬን ብቻ፣ እማዬ፤ ለልጅዎ ብለው።» እሺ አልኳት። ወርቅውሃን ያገኘሁት ከሳሎኑ በር ላይ ነው፤ ልስማት ስጎነበስ ጉንጯን ሰጠችኝ እንጂ ዓይኗን አልሰጠችኝም። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ግድግዳው በጄሶ ተለስኗል፣ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ተሰቅሏል፣ ከሥሩ በዳንቴል የተሸፈነ ራዲዮ አለ። ከመስቀያው ሁሉ የተሻለው ቦታ፣ በመስኮቱና በራዲዮው መካከል፣ ለሌንጮ ተትቶለት በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። የተስፋነሽ ባል፣ አማቼ ገብረ መድኅን ክራቫቱን እያሰረ ገባና አየኝ። እሱም ነገሩን ያውቃል። «እንደምን አደሩ» አለኝ፣ «ደህና» አልኩት፤ ከዚያ ሁለታችንም ራዲዮውን እናይ ጀመር። ራዲዮው አልተከፈተም ነበር። ጉሮሮውን ጠራርጎ «ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ገባ» አለ። አዎ፣ ገባ አልኩት። አሥራ ሰባት ዓመት እንጀራዬን የበላ ሰው ከዝናቡ ሌላ የሚነግረኝ አላገኘም። እሱ ሲወጣ ጨርቁን ገለጥኩ፣ አቧራውን በነጠላዬ ጠረግኩ፣ መልሼ ሸፈንኩት። የዓይኑን ቋጠሮ አልፈታሁም። ተስፋነሽ ከጓዳ «ጨረሱ?» አለች። ጨረስኩ አልኳት። እኔም ዋሸሁ፤ ውሸት በዚያ ቤት ያን ቀን ርካሽ ነበር።

ጓዳው ከሳሎኑ የሚለየው በመጋረጃ ነው። የወጥ ድስት፣ የብርዝ ጋን፣ ሁለት ከሰል ማንደጃ፣ አንዲት ዱካ ለእኔ። ግራዝማች አብደታ ከቀትር በፊት ከእኅታቸው ከእትዬ ዲሪቤና ከሁለት ሽማግሌ ጋር ገቡ። ድምፃቸው የደስተኛ ሰው ድምፅ ነው። ብርዝ ተቀዳ፤ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ መንገዱ፣ ጎሬ ከተማነቷን ለመቱ እያስረከበች ነው ስለሚሉት ወሬ ተነጋገሩ። እትዬ ዲሪቤ «ሃርሜ የት አሉ? የሙሽራዪቱ አያት በሕይወት አሉ ሲሉን ሰምተን ነበር» አሉ። «መቱ ናቸው፤ ትንሽ አሟቸዋል» አለች ተስፋነሽ፤ ድምፅዋ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። «አይ! ሳንሄድ እንጠይቃቸዋለን» አሉ ዲሪቤ። ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቁጭ ብዬ ስለ በሽታዬ ሰማሁ።

ያኔ የጓዳው በር በአፍንጫ ተገፋ። ሌንጮ ነው፤ የጌታውን በቅሎ ተከትሎ ከሁሩሙ መጥቷል። ግቢውን አሽትቶ አሽትቶ እኔን አገኘኝ፤ አገጩን ጉልበቴ ላይ ጣለና እጄን ለአጥንት መረመረ። አንተ እንኳ ታውቀኛለህ አልኩት በሆዴ፣ ከተስፋነሽም ድስት አንድ ቅልጥም አወጣሁለት።

ከሳሎን የጨርቁ መገለጥ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ የግራዝማች ጩኸት። «ዋቅ! ሌንጮ ራሱ! ዲሪቤ፣ ጭረቱን እዪ! ደረቱን እዪ!» ወንበር ተገፋ፤ ተነሥተው ቀረቡ። ተስፋነሽ የሮማውን ነገር አወራች፤ ፎቶግራፉን፣ ፖስታውን፣ ጣልያኑን። ሲዳብሱት ይሰማኛል፤ መዳፋቸው ቬርኒሹ ላይ ሲሄድ። «አይ፣ ይህ ያገራችን እንጨት አይደለም» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን በቡና ዛፍ መካከል የኖሩ ሰው፣ የቡና እንጨት እየዳበሱ! እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። «ግን አንድ ነገር ገረመኝ» አሉ ቀጥለው፤ «ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነው። ሌንጮ ቀይ መሆኑን ሰውዬው በምን አወቀ?»

ማንም አልተነፈሰም። ያ ዝምታ ለልጄ ተሰጥቷት ነበር፤ እውነቱን ልታስቀምጥበት የምትችልበት ቦታ ነበር። ጠበቅኳት። በማርያም እላለሁ፣ ያኔ ብትናገር ሁሉን ትቼላት ነበር። አልተናገረችም። የተናገሩት ግራዝማች ራሳቸው ናቸው። «ኧረ ፈረንጅ ምን የማያውቀው ነገር አለ!» ብለው ሳቁ፤ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ አማቼ ሳቀ፣ ተስፋነሽ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ወርቅውሃ ስትስቅ አልሰማሁም። ስታለቅስም አልሰማሁም።

እትዬ ዲሪቤ ግን አልሳቁም። እንደ እኔ በጣታቸው የሚያዩ ሴት ናቸው መሰል። «አብደታ፣ ዓይኑ የታለ?» አሉ። «ያው እሱ አይደል?» «እሱማ ቀዳዳ ነው። ከሩቅ ጠቆረና ዓይን መሰለህ። እነሆ፣ ጣቴ ይገባበታል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቀን ልንቆርጥ መጥተን ዕውር ውሻ ይሰጠናል?» አሉ። «መንገድ ላይ ወልቆ ነው» አለች ተስፋነሽ፤ «ሣጥኑ ውስጥ ይኖራል፣ አንዴ ይቆዩኝ።» መጋረጃው ተገለጠ፣ ልጄ ገባች። ሐር ቀሚሷ ከብብቷ በላብ ርሷል። ሌንጮን ጉልበቴ ላይ ስታይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«እማዬ፣ ዓይኑ!» በሹክሹክታ ነው።

«ሮማ ቀርቷል» አልኳት።

«በማርያም! ሰምተውኝ ነው? ለእኔ አይደለም እኮ፣ ለወርቅውሃ ብዬ ነው። አምና የጎረቤታችን ልጅ ጋብቻ የፈረሰው አጎቷ ኮርቻ ሰፊ ነው ተብሎ አይደለም? አያቷ እንጨት ጠራቢ ናቸው ቢባል ምን ይሉናል? ባለ እጅ ናቸው፣ ዓይናቸው ያስፈራል...»

«እኔ መቱ ታምሜ ተኝቻለሁ። አምና ማን እንደተፋታ በምን አውቄ?»

ተንበረከከች። ጉልበቴን ልትስም ስትል የሌንጮ ራስ ከለከላት። ከመጋረጃው ወዲያ የግራዝማች ድምፅ «ሌንጮ! ሌንጮ፣ ኮቱ!» አለ፤ ውሻው አንድ ጆሮውን አቁሞ ሰማና ወደ ቅልጥሙ ተመለሰ። በመጋረጃው ስንጥቅ የወርቅውሃ ጫማ ይታየኛል፤ እዚያ ቆማለች፣ ትሰማለች።

«ተስፋነሽ» አልኳት፣ «አርመን ሠራው ብትይ ዝም እል ነበር፤ እሱ አስተምሮኛል። ግሪክ ብትይ፣ ሰማይ ቤት ብትይ ዝም እል ነበር። ከሰው ሁሉ መርጠሽ ሥራዬን ለአባትሽ ገዳይ ሰጠሽው?»

ቀና ብላ አየችኝ። እንዳላሰበችበት ገባኝ፤ ያባቷ ነገር ጭራሽ ትዝ አላላትም፤ ጣልያን ያለችው ስሙ ስላማረላት ብቻ ነው። ሆን ብላ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከሁሉ ያመመኝ እሱ ነው።

የነጠላዬን ጫፍ ፈታሁ። ዓይኑን መዳፌ ላይ አደረግሁት፤ ጥቁር፣ አብረቅራቂ፣ ከባቄላ የማይበልጥ። እጇን ዘረጋች። ጨበጥኩት። በሌላው እጄ ከቦርሳዬ የኮላ ጣሳዬን አውጥቼ ከሰሉ ላይ ጣድኩ፤ ሽታው ከወጡ ሽታ ጋር ተደባልቆ ጓዳውን ሞላው።

«ተነሺ፤ ቀሚስሽ ከሰል ይነካዋል» አልኳት። «ያልኩሽን ስሚ። እኔ ወደ ሳሎን አልመጣም። ዓይን የማስገባው ባለቤቱና ውሻው ፊት ነው፤ ውሻው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ግራዝማችን ከነሥዕላቸው ወደዚህ ታመጫቸዋለሽ። ወደዚህ፣ አንቺ ወዳስቀመጥሽኝ ጓዳ። መጋረጃውን በገዛ እጅሽ ትገልጪና፣ እሳቸው እግራቸውን ሳያነሡ፣ ባልሽም ልጅሽም እትዬ ዲሪቤም እየሰሙ፣ ‹እናቴ እኚህ ናቸው፤ ደህና ናቸው፤ ሌንጮን የሠሩት እሳቸው ናቸው› ትያለሽ። ጋብቻው ቢጸና የእሳቸው ጨዋነት ነው፤ ቢፈርስ ወርቅውሃ መጥታ መጋዙን ትርገጥ፣ ጆሮ መቁረጥ ታውቃለች። ሳትናገሪ ብትመጪ ግን ዓይኑ ከእኔ ጋር መቱ ይመለሳል፣ ያ ቀዳዳ ዕድሜ ልክሽን ከዚያ ግድግዳ ላይ ያይሻል። ሂጂ። ኮላው ሞቋል፤ ሳይደርቅ ንገሪያቸው።»